በሰው ሜዳ፤ ኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ተጫዋቾች በውጭ አገር

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ በአማኑኤል፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር በሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ወደ ትውልድ ከተማዬ የሄድኩት ለቤተሰብ ጉዳይ ቢሆንም ዕለቱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከግብጽ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የሚገጥምበት ስለነበር፣ እንደ ሌላው ሁሉ እኔም በቴሌቪዥኑ ፊት ተሰለፍኩ። የሻይ ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ሞልተው የተረፈው ሰው በበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከዋሊያዎቹ መካከል በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ሰዎች አንዳንድ ግብ አገቡ። የመጀመሪያው ዳዋ ሁቴሳ፣ ሁለተኛው ሽመልስ በቀለ ነበሩ። ግጥሚያው በኢትዮጵያ 2 ለ 0 አሸናፊነት ተፈጸመ።

ጩኸቱ በረድ ሲል ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ይህ ጨዋታ ያለው የት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ማላዊ ነው አባቴ» አልኳቸው።

«ባለ ሜዳው ማነው?»

«እኛ ነን።»

«እኛ ከሆንን እንግዶቹ ወደኛ ይመጣሉ እንጂ እኛ ምን ልናደርግ ማላዊ ሄድን?»

«ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ስለሌለን ነው።»

አዛውንቱ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከዚያም፣ «በዚህ አገር ሜዳ ጠፋ?» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፣ «አንተስ ሥራህ ምንድን ነው?» በማለት ጨመሩ። መሐንዲስ መሆኔን ነገርኳቸው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ያልጠየቁኝ ጥያቄ እስከዛሬ አብሮኝ አለ።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ከሙያችን ክልል ጥቂት ወጣ ያለ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ያ የሻይ ቤት ጭውውት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በውጭ አገር እየተጫወቱ የኖሩ ኢትዮጵያውያንን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ታሪኩ የኳስ ታሪክ ቢሆንም፣ መጨረሻው ወደ እኛው ወደ መሐንዲሶቹ ዘንድ እንደሚመጣ አንባቢ በትዕግሥት እንዲከታተለኝ አደራ እላለሁ።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ትልቁ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት በአዲስ አበባ ስቴዲየም በተደረገው የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ፣ ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 ያለቀው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ባገባት ግብ ሲሆን፣ በተጨማሪው ሰዓት ደግሞ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨመሩ። ዋንጫውንም ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚያ ተጫዋቾች እንጀራቸውን የሚበሉት በአገር ውስጥ መሆኑ ነው። ክበቦቻቸው የአገር ውስጥ ክበቦች፣ ሜዳቸውም የአገር ውስጥ ሜዳ ነበር። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ከኳሱ ሌላ መተዳደሪያ ሥራ ነበራቸው። ሉቺያኖ ራሱ በመካኒክነት የሠለጠነ ሰው ነበር።

የዚያ ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ይኸውም እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። አቶ ይድነቃቸው በዘመናቸው አጥብቀው ያሰቡበት አንድ ጉዳይ ነበር። አፍሪካ ተጫዋቾቿን እያሳደገች ለአውሮፓ ክበቦች ብታስረክብ፣ ቡናና ጥጥ እንደምትልክ ሁሉ ጥሬ ሀብት አቅራቢ ሆና ትቀራለች የሚል ሥጋት ነበራቸው። ኮንፌዴሬሽኑም ከ1965 እ.ኤ.አ. አንሥቶ አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ በሚያሰልፈው ቡድን ውስጥ በውጭ አገር የሚጫወቱ ከሁለት ሰዎች በላይ እንዳይኖሩ ደንግጎ ነበር። ደንቡ የተሻረው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ጥሬ ሀብት የሚወጣው ወሳጅ ስላለ ብቻ ሳይሆን፣ በአገር ቤት የሚያለማው ሲጠፋም ጭምር መሆኑን ቀጥለን የምናየው ታሪክ ያስረዳናል።

የሉቺያኖ ፍጻሜ ለዚህ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው። ሉቺያኖ በ1935 እ.ኤ.አ. በአሥመራ ከኢጣሊያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ በመሆኑ በልጅነቱ ከሁለቱም ወገን ንቀት ደርሶበታል። ኳሱ ግን የአገር አምበል አደረገው። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ በጅቡቲ በኩል አገሩን ጥሎ ወጣና ኢጣሊያ ገባ። በዚያም ወደ ቀድሞ ሙያው ወደ መካኒክነት ተመልሶ ኖረ፤ በሮማ አቅራቢያም ልጆችን እግር ኳስ አስተማረ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ያረፈው እዚያው ሮማ ነው። ሉቺያኖ ወደ ውጭ የሄደው ለመጫወት አልነበረም፤ ያን ጊዜ የመጫወቻ ዕድሜው አልፎ ነበር። ቢሆንም የአፍሪካን ዋንጫ ከፍ ያደረገ እጅ በሰው አገር የመኪና ሞተር ሲፈታ መዋሉ ለኛ ትውልድ የሚነግረው ነገር አለ። ሰውየው ችሎታውን ይዞ ሄደ፤ እኛ ዘንድ የቀረው ስሙ ነው።

በዚያ ዘመን ወደ ውጭ ሄዶ ኳስን መተዳደሪያ ማድረግ ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ቀላል አልነበረም። አንደኛው ምክንያት ከአገር መውጣት በመውጫ ቪዛ የታጠረ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚያየው ሰው አለመኖሩ ነው። የውጭ ክበብ አንድን ተጫዋች የሚቀጥረው አይቶት ወይም የሚያምነው ሰው ነግሮት ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያው የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ ለ31 ዓመታት ከዚህ ታላቅ ውድድር ርቆ ስለኖረ፣ ልጆቻችን የሚታዩበት መስኮት ተዘግቶ ነበር ለማለት ይቻላል። ስለሆነም በ1990ዎቹ መጨረሻ መስኮቱን በግሉ ከፍቶ የወጣ አንድ አጥቂ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። እርሱም ፍቅሩ ተፈራ ነው።

ፍቅሩ በ1978 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክበብ ከተጫወተ በኋላ በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግሮ ለኦርላንዶ ፓይሬትስ ፈረመ። ይህ ክበብ በ1937 እ.ኤ.አ. በሶዌቶ ኦርላንዶ ሠፈር የተመሠረተና በ1995 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ክበቦችን ዋንጫ የወሰደ ታላቅ ክበብ ነው። ፍቅሩ የደረሰበት ዘመን የደቡብ አፍሪካ ሊግ ከአፓርታይድ መውደቅ በኋላ እንደገና ተደራጅቶ፣ ከቴሌቪዥን በሚያገኘው ገቢ እየበለጸገ የሄደበት ወቅት ነበር። ቀጥሎ የተዛወረበት ሱፐርስፖርት ዩናይትድ በዚያ ጊዜ በስሙ የሚጠራው የቴሌቪዥን ድርጅት ክበብ ነበር። በየከተማችን ሻይ ቤት ጣሪያ ላይ የተተከለው የዲ ኤስ ቲቪ ሳሕን እኅት ድርጅት መሆኑ ነው። ይህ ክበብ ከ2008 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የአገሩን ሊግ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል።

ከደቡብ አፍሪካ ፍቅሩ ለአጭር ጊዜ ወደ ቼክ ሪፑብሊክ፣ ወደ ምላዳ ቦሌስላቭ ክበብ ሄደ። ይህች ከተማ ለሙያ ጓደኞቼ እንግዳ አይደለችም፤ የሽኮዳ አውቶሞቢል ፋብሪካ መናኸሪያ ናት። በዚያም ሳይሰነብት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሶ በፍሪ ስቴት ስታርስ፣ በቢድቬስት ዊትስና በሌሎችም ክበቦች ተጫወተ። አንድ አጥቂ በዚህ ሁኔታ ከክበብ ክበብ ሲዘዋወር የሚያይ ሰው «አንድ ቦታ አይረጋም» ሊል ይችላል። ነገር ግን የውል ሠራተኛ ኑሮ እንዲህ ነው። ውሉ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ይፈረማል፤ አሠልጣኝ ሲለወጥ ፈላጊ ይለወጣል፤ ጉልበት ሲታመም ቀጣሪ ይጠፋል። በፕሮጀክት የሚቀጠር መሐንዲስም ይህን ኑሮ ሳያውቀው አይቀርም።

የፍቅሩ ስም በዓለም የተሰማው ግን ማንም ባልጠበቀው አገር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሕንዶች ስምንት ቡድኖች ያሉት አዲስ ሊግ አቋቋሙ። ከአውሮፓ ስመ ጥር የሆኑ፣ ነገር ግን ወደ ጨዋታ ዘመናቸው መጨረሻ የደረሱ ኮከቦችን አመጡ። የካልካታው ቡድን ከስፔኑ አትሌቲኮ ማድሪድ ጋር የተሻረከ ሲሆን አሠልጣኙም አንቶኒዮ ሎፔዝ ሃባስ የሚባሉ ስፔናዊ ነበሩ። የሊጉ የመጀመሪያ ግጥሚያ ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. በካልካታ ሶልት ሌክ ስቴዲየም በካልካታና በሙምባይ ቡድኖች መካከል ተደረገ። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው የመጀመሪያዋን ግብ ከታላላቆቹ ኮከቦች አንዱ እንዲያገባት ነበር። በ27ኛው ደቂቃ ላይ ግን ፍቅሩ ወደ ፊት የወጣውን ግብ ጠባቂ ተመልክቶ ኳሷን በግራ እግሩ ከራሱ በላይ አሳልፎ ከመረቡ አገናኛት። የሕንድ ሱፐር ሊግ የመጀመሪያዋ ግብ የኢትዮጵያዊ ሆነች። ፍቅሩም በአየር ላይ ተገልብጦ ደስታውን ገለጸ። ካልካታ 3 ለ 0 አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። በዚያው ወር ከጎዋ ቡድን ጋር በተደረገ ግጥሚያ በተነሣ ግጭት ምክንያት ፍቅሩ የሁለት ጨዋታ ቅጣት ተፈረደበት። ሲመለስ መጫወቱንና ማግባቱን ቀጠለ፤ በዚያ ውድድር ያገባቸው ግቦች 5 ደረሱ። ይሁን እንጂ ቡድኑ ለፍጻሜ በደረሰ ጊዜ ፍቅሩ በጉዳት ምክንያት ከሜዳው ውጭ ነበር። ካልካታ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሣ፣ የሊጉን የመጀመሪያ ግብ ያገባው ሰው በቡድኑ መካከል አልነበረም። በሰው ሜዳ ያለ ሰው ዕጣ እንዲህ ነው። ባለ ሜዳው ድግሱን የሚደግሰው ለራሱ ነው፤ እንግዳው ቢታመም ድግሱ አይቆምም።

በቀጣዩ ዓመት ሌላው የሕንድ ክበብ የቼናይ ቡድን ፍቅሩን ቀጠረው። አሠልጣኙ የቀድሞው የኢጣሊያ ተከላካይ ማርኮ ማቴራዚ ነበር። ለፍጻሜ ለመድረስ የቼናይ ቡድን የገጠመው የፍቅሩን የቀድሞ ቡድን ካልካታን ነው። ቼናይ በከባድ ጎርፍ ተጥለቅልቃ ስለነበር የመጀመሪያው ግጥሚያ በሌላ ከተማ፣ በፑኔ፣ ተደርጎ ቼናይ 3 ለ 0 አሸነፈ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በካልካታ በተደረገው የመልስ ግጥሚያ ካልካታዎች 2 ለ 0 እየመሩ ተስፋ ማድረግ ሲጀምሩ፣ በባከነው ሰዓት ፍቅሩ ግብ አግብቶ ተስፋቸውን ዘጋ። የሊጉን የመጀመሪያ ግብ ያገባበት ስቴዲየም ያው ነበር። ቼናይም ጎዋን በፍጻሜው 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ፍቅሩ በግሉ ከፍቶት የነበረው መስኮት ለሌሎች በሰፊው የተከፈተው በ2005 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስቴዲየም ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈች። በካርቱም 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለነበር ድምር ውጤቱ እኩል ቢሆንም፣ በውጭ ባገባቻቸው ግቦች ብልጫ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ከሁለቱ ግቦች አንዷን ያገባው አዳነ ግርማ፣ ሌላዋን ያገባው ሳላዲን ሰይድ ነበር። ሳላዲን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብጹ ዋዲ ደግላ ተዛውሮ፣ ከዚያም በቤልጂግ ለሊርስ ክበብ ተጫውቷል። ሁለቱ ክበቦች የአንድ ግብጻዊ ባለሀብት ስለነበሩ ከካይሮ ወደ ቤልጂግ የሚወስደው መንገድ አስቀድሞ የተጠረገ ነበር። በኋላም ወደ ታላቁ አል አህሊና ወደ አልጄሪያ ክበብ ተዛውሮ በመጨረሻ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመልሷል። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአዲስ አበባ በተደረገው ግጥሚያ ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስታሸንፍ አንዷን ግብ ያገባው ጌታነህ ከበደ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የጆሃንስበርጉ ቢድቬስት ዊትስ ጌታነህን ወሰደው። ሽመልስ በቀለም እንዲሁ ወደ ግብጽ ሄዶ ለብዙ ዓመታት ኖረ። ከተጫወተባቸው ክበቦች አንዱ ፔትሮጄት ይባላል፤ ይህም የነዳጅ ተቋማትን የሚገነባ የምህንድስናና የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ክበብ ነው።

አንባቢ ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ልጆቻችን ወደ ውጭ የሄዱት በአገራቸው ሜዳ ከታዩ በኋላ ነው። ጌታነህን ለደቡብ አፍሪካ ክበቦች ያሳየው የደቡብ አፍሪካ ቡድን አዲስ አበባ መጥቶ መሸነፉ ነው። ሜዳ ማለት የልጅ ችሎታ ለዓለም የሚቀርብበት ገበያ፣ ሲመለስም የሚያርፍበት ቤት ነው። ታዲያ ቤቱ ምን ሆነ?

ከመስከረም 2014 ዓ.ም. በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስቴዲየሞቻችን ለዓለም አቀፍ ግጥሚያ የሚያስፈልገውን ደረጃ አያሟሉም በማለት አገደ። በዚያ ወር 29 ቀን በባሕር ዳር ስቴዲየም ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተደረገው ግጥሚያ በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን የራሱን «የሜዳው» ግጥሚያዎች በሰው አገር ማድረግ ጀመረ። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን ያስተናገደው በሶዌቶ፣ በኦርላንዶ ስቴዲየም ነው። ይህም ከዓመታት በፊት ፍቅሩ ወደ ውጭ ሲወጣ መጀመሪያ የተቀበለው የኦርላንዶ ፓይሬትስ ቤት ነው። ጋናዎች በመጀመሪያው አጋማሽ ግብ ካገቡ በኋላ በሁለተኛው አጋማሽ በቅጣት ምት አቻ ያደረገን ማን ነበር ቢባል፣ በዚያችው ከተማ እንጀራውን ሲበላ የነበረው ጌታነህ ከበደ ነው። ግጥሚያው 1 ለ 1 ተፈጸመ። ከሰባት ወር በኋላ ደግሞ በሊሎንግዌ፣ በማላዊ ብሔራዊ ስቴዲየም፣ በግብጽ ክበብ የሚተዳደረው ሽመልስ በቀለ በግብጽ ላይ ግብ አገባ። በአማኑኤል ሻይ ቤት ያየነው ይህንኑ ነው። ከዚያም በኋላ በሞሮኮና በታንዛኒያ በየተራ «ባለ ሜዳ» ሆነን ተጫውተናል።

ነገሩን በጥሞና ላሰበው ሰው የሚያሳዝን ግልባጭ ነው። አቶ ይድነቃቸው የሠጉት ተጫዋቾቹ ወደ ውጭ ሄደው ሜዳው ባዶውን እንዳይቀር ነበር። እኛ ግን ተጫዋቾቹ ለአገራቸው ሊጫወቱ ሲመለሱ ሜዳውን ራሱን ወደ ውጭ አሰደድነው። ሽመልስ ከካይሮ ተነሥቶ ለኢትዮጵያ ሊጫወት ሲመጣ የወረደው አዲስ አበባ ሳይሆን ሊሎንግዌ ነው። ተጫዋቹ ስደተኛ፣ ሜዳውም ስደተኛ ሆነ።

ከዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ ሙያችን ይመጣል። ተጫዋች ማሠልጠን የኛ ሥራ አይደለም፤ ሜዳ መሥራት ግን የኛ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ስቴዲየም ሲባል የሚታየው የተመልካቹ መቀመጫና ጣሪያው ነው። ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን የመልበሻ ክፍሉን፣ የሕክምና ክፍሉን፣ የመብራቱን ብርታት፣ የመግቢያና የመውጫውን ስፋት፣ ከሁሉም በላይ የሣሩንና ከሣሩ በታች ያለውን ይመረምራል።

አንድ መደበኛ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ከባድ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢወርድበት 357 ሜትር ኩብ ውሃ ተሸክሟል ማለት ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት ከሚወርደው 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ አንድ ሜዳ የሚደርሰው ድርሻ ከ9 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ነው። ይህ ውሃ የሚሄድበት ካላገኘ፣ በተለይም መሬቱ መረሬ ከሆነ፣ ሜዳው በክረምት ኩሬ፣ በበጋ ንቃቃት ይሆናል። መድኃኒቱ ግን ምሥጢር አይደለም። ከመሐል ወደ ዳር በትንሹ የሚያዘነብል ወለል፣ በቦይ የተቀበሩ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች፣ በላያቸው ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያም አሸዋ የተቀላቀለበት የሣር አፈር ያስፈልጋል። ይህን ሁላችንም ተምረነዋል።

መማርና ማድረግ ግን አንድ አይደለም፤ ይህንንም ከራሴ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ የስፖርት ሜዳ ጥናት ላይ ተሳትፌ ነበር። በጀቱ ሲጠብ ከሥራ ዝርዝሩ ውስጥ በመጀመሪያ የተሰረዘው የከርሰ ምድር ፍሳሽ ማስወገጃው ነበር። ምክንያቱም አይታይም። የክብር እንግዶች የሚቀመጡበት ሰገነት ግን የሚታይ ስለሆነ አልተነካም። ተቃውሞዬን በቃል ገለጽኩ፤ በመጨረሻ ግን ፈረምኩ። ሜዳው በተመረቀ በመጀመሪያው ሐምሌ ውሃ ተኛበት፤ ልጆቹም ወደ ቀድሞ መጫወቻቸው፣ ወደ ግጦሹ መሬት ተመለሱ። ሰዎች ተቋራጩን ወቀሱ። ተቋራጩ የሠራው ግን እኔ የፈረምኩበትን ሥዕል ነው። በማላዊ ስለሚደረግ ጨዋታ ስንማረር የኔ ፊርማ በዚያ ምሬት ውስጥ የድርሻዋን ያህል እንዳለችበት አውቃለሁ።

እኔ በልጅነቴ በአማኑኤል የተጫወትኩበት ሜዳ ተዳፋት ነበር። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በምንሠራው ኳስ ስንጫወት፣ ዕጣ የወጣለት ቡድን መጀመሪያ ቁልቁል ማጥቃትን ይመርጥ ነበር። ሽቅብ የሚያጠቃው ቡድን ኳሷን ሲለጋት ወደ ራሱ ትመለስበት ነበርና። በዚያ ሜዳ ላይ ከኔ እጅግ የሚበልጡ ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ ዛሬ ገበሬዎች፣ አንዳንዶቹ ነጋዴዎች፣ አንዳንዶቹም ለሌላ ሥራ በሰው አገር ናቸው። ለጥ ያለ ሜዳ ቢያገኙ ኖሮ ፍቅሩን ወይም ሽመልስን ይሆኑ ነበር ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ይሁኑ አይሁኑ ሊታወቅ የሚችልበት ሜዳ አልነበረም። ዋናው ጉዳት ይህ ይመስለኛል።

ወደ ውጭ የሚሄደውን ሰው መውቀስ ተገቢ አይደለም። ፍቅሩ ወደ ካልካታ፣ ሽመልስ ወደ ግብጽ፣ ከመካከላችንም አንዳንድ የሙያ ጓደኞቻችን ወደ ሌላ አገር የሄዱት ችሎታቸው ዋጋ ወደሚያገኝበት ነው። ሄደውም አላሳፈሩንም። ጥያቄው የሄደው ለምን ሄደ ሳይሆን፣ የቀረነው ምን ሠራን የሚለው ነው። ማኅበራችን ለየወረዳው ስቴዲየም ሊገነባ አይችልም። ነገር ግን ለደጋ፣ ለወይና ደጋና ለቆላ አፈርና ዝናብ የሚስማማ፣ ፍሳሹ የተጠበቀ፣ ዋጋው የተመጠነ የትምህርት ቤት ሜዳ ሥዕል አዘጋጅቶ በነፃ ለጠየቀው ሁሉ ሊሰጥ ይችላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ እያንዳንዳችን ከመሬት በታች ያለውን ሥራ የሚሰርዝ ዝርዝር ሲቀርብልን አለመፈረም እንችላለን።

ያን ዕለት ከሻይ ቤቱ ስወጣ ሰማዩ ከጮቄ በኩል ጠቁሮ ነበር። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ደርበው ከበሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸውና ተሰናበትኳቸው። «ለመሆኑ» አሉኝ፣ «ግቡን ያገባው ልጅ አሁን ወደ ቤቱ ይመለሳል?» ወደ ግብጽ እንደሚመለስ ነገርኳቸው፤ ሥራው እዚያ ነበርና። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «እግዜር ይርዳው፤ እናንተም ቶሎ በሉ» አሉኝ። «እናንተ» ያሉት እኛን ነው።